ኤክስ870፦ ቁጥሩ አደገ፣ ቺፑ ግን ያው ነው

ኤኤምዲ ራይዘን 9000 ለተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ያወጣቸውን እንደ ኤክስ870 ያሉ የ800 ተከታታይ ቺፕሴቶች (በማዘርቦርዱ ላይ ሆነው ፕሮሰሰሩን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያገናኙ ቺፖች) ስም ለመከላከል ከሚቀርቡት ሙግቶች ሁሉ የደከመው፣ ቁጥሩ የተቀየረው ገዢው የትኛው ማዘርቦርድ ለየትኛው የፕሮሰሰር ትውልድ እንደሆነ በቀላሉ እንዲለይ ነው የሚለው ነው። ከ2022 ጀምሮ የተሸጡት የ600 ተከታታይ ቦርዶች ባዮሳቸው (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ከታደሰ ራይዘን 9000ን ይቀበላሉ፤ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሶኬትም ያው ኤኤም5 ነው። ታዲያ ገዢው ምኑን ከምኑ እንዲለይ ነው የተፈለገው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የቺፕሴትን ስም የሚያወጣው ግን የሽያጭ ክፍል ነው። የኤክስ870ን ሙቀት ማስተንፈሻ ብረት ፈትቶ ላየ ሰው ከሥሩ ያለው ፕሮሞንቶሪ 21 የተባለ አንድ ቺፕ ነው፤ ያው የቀድሞው ተከታታይ የቢ650 ቺፕ። ኤክስ670 ግን ሁለት ነበሩት። ስለዚህ ከኤክስ670 ወደ ኤክስ870 «ያደገ» ገዢ በቁጥር 200 ጨምሮ በቺፕ በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። ሁለቱን ቺፕ የሚፈልግ ኢ የምትለዋን ፊደል ጨምሮ ለኤክስ870ኢ መክፈል አለበት።

በሁለቱም ኤክሶች፣ በኤክስ870 እና በኤክስ870ኢ፣ ላይ ዩኤስቢ 4 (ፈጣኑ የውጫዊ ዕቃ መሰኪያ) ግዴታ ሆኗል የሚለው መልስ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ዩኤስቢ 4ን የሚሰጠው ቺፕሴቱ ሳይሆን አምራቹ ለብቻው ቦርዱ ላይ የሚጨምረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የአስሚዲያ ኩባንያ ሥሪት የሆነ ሌላ ቺፕ ነው። ይህም መስመር ይበላል። ፕሮሰሰሩ ካሉት 28 የፒሲአይኢ መስመሮች (ከሌሎች ዕቃዎች ጋር መረጃ የሚለዋወጥባቸው) 16ቱ ለግራፊክስ ካርድ፣ 4ቱ ለመጀመሪያው ኤስኤስዲ (የመረጃ ማከማቻ ዲስክ)፣ 4ቱ ከቺፕሴቱ ጋር ለመገናኘት ይውላሉ፤ ቀድሞ ለሁለተኛ ፈጣን ኤስኤስዲ ይተርፉ የነበሩትን የመጨረሻዎቹን 4 አሁን ዩኤስቢ 4 ወስዷቸዋል። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ሁለተኛው ኤስኤስዲ ሲሰካ የዩኤስቢ 4 መስመር በግማሽ ይቀንሳል፤ በሌሎቹ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ከ16 ወደ 8 ይወርዳል። ይህን የሚናገረው ሳጥኑ ሳይሆን የማኑዋሉ የግርጌ ማስታወሻ ነው። በዩኤስቢ 4 ውጫዊ ዲስክ ዘወትር የሚጠቀም ሰው ይጠቀምበት፤ ሌላው ግን ለማይሰካበት ቀዳዳ ከፍሎ የሚሰካበትን ያጣል።

ከሁሉም የሚያስቆጣው የዚሁ የ800 ተከታታይ ቢ840 ነው። ቢ650 ፕሮሰሰርን ኦቨርክሎክ ማድረግ (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት) ይፈቅድ ነበር፤ ይሄኛው አይፈቅድም፤ ከቺፕሴቱ የሚወጡት መስመሮችም ወደ አሮጌውና ቀርፋፋው ፒሲአይኢ 3 ተመልሰዋል። በግብሩ የዝቅተኛው የኤ620 ወንድም የሆነውን ቦርድ ቢ ብሎ ከቢ850 ጎን በ10 ቁጥር ልዩነት ማሰለፍ በእኔ እምነት ገዢው እንዲሳሳት ታስቦ የተደረገ ነው። ሶኬት በመቀያየር የሚታማው ኢንቴል እንኳ ዜድ890 ቺፕሴትን ሲያወጣ ቢያንስ አዲሱ ፕሮሰሰር በአሮጌው ቦርድ ላይ ስለማይገባ ለአዲሱ ቁጥር ምክንያት ነበረው።

ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ እንዲያመጣለት የሚያዝዝ የአዲስ አበባ ገዢ ዕቃው አልሆነኝም ብሎ የሚመልስበት መንገድ የለውም። ኤኤምዲ ቁጥሩን መቀየር ከፈለገ ይቀይር፤ ግን በሳጥኑ ፊት ላይ የቺፑ ስም፣ ብዛትና የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው መስመር እንደሚጋራ በጉልህ ይጻፍ።