መድረኩን ለመጽሐፉ እንልቀቅ

ጳጉሜን 3 ቀን የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን ነው። ዩኔስኮ ቀኑ እንዲከበር ከወሰነበት ከ1966 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገሮች ታስቦ ይውላል። በእኛም ዘንድ በዚህ ቀንና በየንባብ ሳምንቱ አዳራሽ ይዘጋጃል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የክብር እንግዶች በየተራ ወደ መድረክ እየወጡ አንባቢ ትውልድ ስለ መፍጠር ይናገራሉ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ተማሪዎች እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ሲወጡ ግን አንዲት ገጽ እንኳ አልተነበበላቸውም፣ በእጃቸውም የያዙት መጽሐፍ የለም።

ይህን የማነሣው ድሬዳዋ ለትርፍ ያልተቋቋመ የመጻሕፍት መደብር ያስፈልጋታል ብዬ ስለማምን ነው። እንዲህ ያለው መደብር ዋጋ የሚኖረው በሚያዘጋጃቸው የማኅበረሰብ መርሐ ግብሮች ነው፤ መርሐ ግብሮቹም ዋጋ የሚኖራቸው በእነርሱ ላይ በእርግጥ ሲነበብ ነው። አንድ ሰዓት ከተያዘ፣ ከዚያ ውስጥ ሃምሳው ደቂቃ መጽሐፍ የሚገለጥበት መሆን አለበት። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ለትርፍ ያልተቋቋመ መደብር ሲባል መጽሐፍ በነፃ የሚያድል ድርጅት የሚመስላቸው አሉ። አሠራሩ ሌላ ነው። መደብሩ እንደማንኛውም ሱቅ ይሸጣል፤ ከሽያጩ የሚተርፈው ግን ለባለቤት ኪስ ሳይሆን ለንባብ ሥራው ይመለሳል። በብሪታኒያ ኦክስፋም ሰዎች የሚለግሱትን ያገለገሉ መጻሕፍት በበጎ ፈቃደኞች እያስሸጠ ገቢውን ለእርዳታ ሥራው ያውላል። በአገራችንም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገቡ ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ፈቅዷል፤ ትርፉ ለአባላት እንዳይከፋፈልና ለተቋቋሙበት ዓላማ እንዲውል ግዴታ ጥሏል። ስለዚህ በሕግ በኩል የተዘጋ በር የለም።

ተራው መጽሐፍ ሻጭ ይህን ሥራ እንዲሠራልን መጠበቅም ፍትሐዊ አይደለም። የቤት ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ቶሎ የሚሸጥለትን ይይዛል፤ ቶሎ የሚሸጠው ደግሞ የማጠናከሪያና የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ሥዕል ያለው የሶማሊኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ተረት መደርደሪያ ላይ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል። ያን ወጪ መሸከም የሚችል ሰው ወይም ድርጅት ከሌለ መጽሐፉ ከተማው ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ቤተ መጻሕፍትስ? ያስፈልጋል፤ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ብዙዎቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተግባር ተማሪዎች የራሳቸውን ደብተር ይዘው የሚያጠኑባቸው ጸጥ ያሉ ክፍሎች ናቸው። ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ልጆችን ማሳቅ፣ እናትን ከልጇ ጋር ማስቀመጥ ጸጥታ የሚጠይቅ ክፍል ውስጥ አይሆንም። ደግሞም ልጁ ስሙን የጻፈበት፣ የእኔ ነው የሚለው መጽሐፍ ቤቱ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው።

የድሬዳዋ ጉዳይ ከሌላው ከተማ የሚለይበት አንድ ነጥብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነሣ ስለማልሰማው ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከመነሻዋ ጀምሮ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ናት። የከፊራ ገበያ ነጋዴ ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ ጀምሮ ለሌላው በሶማሊኛ መልሶ ሒሳቡን በአማርኛ ይጨርሳል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንም ሦስቱም የማስተማሪያ ቋንቋዎች ናቸው። ንባቡ ግን እንደ ንግግሩ አልቀለለንም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ቢሰጥም የሁሉም መጻፊያ የግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ነው፤ ሶማሊኛም በላቲን ፊደል ይጻፋል። በዚያ ዘመቻ በኦሮምኛ ማንበብ የተማሩ አያት የልጅ ልጃቸው የያዘችውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ማንበብ አይችሉም። ቋንቋው የገዛ ቋንቋቸው ነው፤ ልጅቱ ብታነብላቸው እያንዳንዱን ቃል ይረዱታል፤ ገጹ ግን ለእርሳቸው ዝግ ነው። ልጅቱም በበኩሏ አያቷ የሚያነቡትን ፊደል ገና ላታውቀው ትችላለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ማንበብ የሚችሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ለሌላው ሊያነብ ይችላል፤ አንድን ገጽ አብረው ማንበብ ግን አይችሉም።

ይህን ክፍተት ትምህርት ቤት ብቻውን አይሞላውም፤ አያት ትምህርት ቤት አይሄዱማ። መደብሩ ግን ሊሞላው ይችላል። በሳምንት አንድ ምሽት አያትና የልጅ ልጅ፣ እናትና ልጅ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጡ፤ ያው አንድ ተረት በቁቤም በግዕዝ ፊደልም የታተመ ይሁን፤ ልጅቱ በራሷ ታንብብ፣ አያቲቱ በራሳቸው ያንብቡ፣ ቀጥለውም መጽሐፉን ይለዋወጡ። ከዚህ የበለጠ ለድሬዳዋ የሚስማማ መርሐ ግብር አይታየኝም።

በእንዲህ ያሉ ሰዓቶች ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በሰፈሬ አንዲት በጎ ፈቃደኛ መምህርት ልጆችን ስታስነብብ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ገጹን አንድም ሳይሳሳት ወጣው። መምህርቷ አመስግናው ሲያበቃ፣ ከገጹ መካከል አንዲት ቃል በጣቷ ነክታ «ይቺ ምን ትላለች?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያም ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ በለሆሳስ እየወረደ፣ ቃሏ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገራት። ገጹን በቃሉ ይዞት ነበር እንጂ አላነበበውም። መምህርቷ አልተቆጣችም፤ አጠገቧ አስቀምጣ ያችኑ ቃል በሌላ ገጽ ላይ እንዲፈልግ አደረገችው፣ ሲያገኛትም ፊቱ በራ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ያ ልጅ ጎበዝ አንባቢ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ትልቅ ሰው ከአምስት ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ወዲያው ይታያል።

ለጎልማሶች የሚዘጋጀው ከዚህ የተለየ መሆን አለበት። አርባ ዓመት ያለፈውን ሰው «ሀ ሁ» ብሎ ሕዝብ ፊት ማስጠራት ያሳፍረዋል፣ ሁለተኛም አይመለስም። የሚያስጨንቀውን ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ የባንክ ቅጽ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ ከልጁ ትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ፣ ስልኩ ላይ የገባ የቴሌብር መልእክት። ንባብ የሚያስፈልገው በዚህ ስለሆነ ከዚህ ይጀምር።

ሰዓቱም የከተማውን ጠባይ ይወቅ። በድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ብዙ ሰው በርጫ፣ ማለትም የጫት ቅምጥ ላይ ይሆናል፤ በስምንት ሰዓት የተጠራ መርሐ ግብር ባዶ ወንበር ይዞ ይጀምራል። ከ11 ሰዓት በኋላ፣ የኬዚራ ሰፈር ጥላ ቀዝቀዝ ሲል፣ ቤተሰብ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ከገንደ ቆሬና ከሳቢያን ለሚመጡትም የባጃጅ ዋጋ አለና በወር አንድ ሁለቴ መጽሐፉ ራሱ ወደ ሰፈራቸው ይሂድ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሲያሠማሩ መጽሐፍ ልጆች ወዳሉበት መሄድ እንደሚችል አሳይተውናል።

ከጎረቤታችን ሐረርም መበደር የምንችለው አለ። እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋን ያየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን የሐረርን የመጽሐፍ ጥራዝ ሥራ አድንቆ ጽፏል፤ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ያለው የሸሪፍ ሙዚየምም የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን ሰብስቦ ይዟል። ጥራዝ የሚያውቅ ሰው ድሬ ድረስ ወርዶ ልጆቹን ወረቀት ማጠፍና መስፋት ቢያስተምራቸው፣ የራሳቸውን ታሪክ በገዛ መጽሐፋቸው ይጽፋሉ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለውን መደብር የሚገድለው የመጽሐፍ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ኪራይም ነው። በውጭ እርዳታ ብቻ የተከፈተ እርዳታው ሲቆም እንደሚዘጋ ብዙ አይተናል። የከተማው አስተዳደር ገንዘብ እንዲሰጥ አልጠይቅም፤ ቤት ይስጥ። የጅቡቲው አዲስ ባቡር መነሻ ከከተማው ወጣ ካለ ወዲህ በአሮጌው ጣቢያ ቅጥር ግቢና በዙሪያው ካሉት ክፍሎች አንዱን ለአምስት ዓመት ያለ ኪራይ ቢፈቅድ፣ በውሉም ላይ በየሳምንቱ ስንት የንባብ ሰዓት በየትኛው ቋንቋ እንደሚካሄድ በግልጽ ቢያስቀምጥ፣ የቀረውን ያገለገሉ መጻሕፍት ሽያጭና የነዋሪው መዋጮ ሊሸፍነው ይችላል። አስተዳደሩም በየዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲቀበል ስንት እንግዳ እንደተገኘ ሳይሆን ስንት ልጅ በጣት የተነካችለትን ቃል እንዳነበበ ይጠይቅ።