ኳሱን የማይዘው ሰው

ሚኒሶታ ላይ መስከረም ሲጠባ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል፤ የእኛ እንቁጣጣሽና የእነሱ ፉትቦል (አሜሪካን ፉትቦል የሚባለው)። ቅዳሜ መንገዱ ጭር ይላል። ሱቅ ውስጥ የምታገኘው ሰው ሁሉ የቡድኑን ሹራብ ለብሷል። ሰኞ ሥራ ቦታ ሌላ ወሬ የለም። እኛ ሐበሾች አብዛኞቻችን ከወሬው ውጭ ነን። «ይሄ ደግሞ ምን ጨዋታ ነው? አምስት ሰከንድ ይጋፋሉ፣ ከዚያ ቆመው ያወራሉ» ብለን እንተወዋለን።

እኔን የሳበኝ የምኖርበት ግዛት ቡድን አይደለም፤ የጎረቤታችን ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ በቅጽል ስሙ ሃውካይስ። ሥራ ቦታ አዮዋ ያደጉ ሰዎች አሉ። ቡድናቸው አሰልቺ ነው ይባላል፤ ራሳቸውም አይክዱም። ሰኞ ጠዋት ሲያወሩ ግን የሚያነሡት ሰው ይለያል። ኳሱን ይዞ የሮጠውን ትተው ከፊቱ መንገድ የከፈተለትን ያነሣሉ። ይሄን ከአገር ቤት የኳስ ወሬያችን ጋር ሳስተያይ ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ ጨዋታውን ላላየ ሰው ትንሽ ልበል። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ከተሳካለት አራት ሙከራ እንደገና ይሰጠዋል። መሄጃው ሁለት ነው፤ ወይ ኳሱን ይወረውሩታል፣ ወይ ይዘውት ይሮጣሉ። ውርወራው ለዓይን ያምራል፤ ቴሌቪዥን የሚወደው እሱን ነው። አዮዋ ግን ይዞ መሮጥ ይመርጣል።

ሩጫው እንዲህ ነው። ከፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱ ሲነሣ አምስቱም በአንድ እርምጃ ወደ አንድ ጎን ይንቀሳቀሳሉ። እያንዳንዱ መንገዱ ላይ ያገኘውን ተከላካይ እየገፋ ይወስዳል። ረኒንግ ባክ የሚባለው ኳስ ያዡ ከኋላ ይከተላል። ክፍተቱ የት እንደሚፈጠር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ እሱም አያውቅም። ሲያየው አንድ ጊዜ እግሩን ተክሎ ይታጠፍና ዘው ይላል። ሁለት ጊዜ ልታጠፍ ካለ አለቀለት። አውትሳይድ ዞን ይሉታል። አሰልጣኙ ከርክ ፈረንትዝ ከ1999 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ይህንኑ እያስደገመ አለ።

ታይት ኤንድ የሚባለው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። የሚቆመው ከአምስቱ ዳር ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ክብደቱ 110 ኪሎ ገደማ። አምስቱ ሰዎች የተወረወረ ኳስ እንዳይቀበሉ ሕጉ ይከለክላቸዋል፤ ለእሱ ግን ተፈቅዶለታል። ስለዚህ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ላይ ያለ ረዳት ትዝ ይለኛል። ጎማ ይቀይራል፣ ጭነት ያስራል፣ ከጭነቱ ላይ ይተኛል፤ ሾፌሩ ሲደክመው ደግሞ መሪውን ይይዛል። ስሙን የሚያውቀው ግን ሾፌሩ ብቻ ነው።

አዮዋ ብዙ ጊዜ ሁለት ታይት ኤንድ አንድ ላይ ያሰልፋል። ይሄኔ ተከላካዩ ይጨነቃል። «ሊገፉኝ ነው» ብሎ ወደፊት ከተጠጋ፣ አንዱ ሾልኮ ከጀርባው ኳስ ይቀበላል። «ሊቀበሉ ነው» ብሎ ካፈገፈገ፣ በላዩ ላይ ይሮጡበታል። ሩጫው ሦስት ሦስት ያርድ ብቻ እያስገኘ አሰልቺ ሲመስልህ፣ ተከላካዮቹን ቀስ በቀስ ወደፊት እየጎተታቸው ነው። በአራተኛው ሩብ ታይት ኤንዱ ብቻውን ሜዳ መሀል ቆሞ ኳስ ሲቀበል ታያለህ። እዚያ ለመድረስ አርባ ጊዜ መጋፋት ነበረበት።

የአዮዋ ሰዎች ኩራት ይሄ ነው። ዳላስ ክላርክ ያለ ስኮላርሺፕ በራሱ ወጪ የመጣ፣ መጀመሪያም ተከላካይ የነበረ ልጅ ነው። ወደ ታይት ኤንድ አዛወሩት፤ በ2002 በዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ምርጥ ታይት ኤንድ ተብሎ የጆን ማኪ ሽልማትን ወሰደ። በ2018 ያንኑ ሽልማት ቲ ጄ ሆከንሰን ደገመው። ከእሱ ጋር ደግሞ ኖዋ ፋንት የሚባል ሌላ ነበር። የፕሮፌሽናል ቡድኖች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ በ2019ኙ ምርጫ ሆከንሰን 8ኛ ሆኖ ዲትሮይት፣ ፋንት 20ኛ ሆኖ ዴንቨር ገቡ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ታይት ኤንዶች በመጀመሪያው ዙር ሲመረጡ ያ የመጀመሪያው ነው።

እኔ የምወደው ግን የጆርጅ ኪትል ታሪክ ነው። አዮዋ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ የተቀበለው ኳስ 48 ብቻ ነው። ሌላው ጊዜ ሰው ሲገፋ ነበር። በ2017 146ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ይሄ ተስፋ ከማይጣልበት ሰው ተራ ነው። በማግስቱ ዓመት ለሳን ፍራንሲስኮ በተቀበላቸው ኳሶች 1,377 ያርድ አስገኘ፤ በወቅቱ ለታይት ኤንድ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ነበር። እንዲህም ሆኖ ሰው ገፍቶ መሬት ላይ ሲጥል ነው ሳቁ ጆሮው የሚደርሰው። በ2021 እንደሱ ታይት ኤንድ ከሆኑት ከግሬግ ኦልሰንና ከትራቪስ ኬልሲ ጋር ሆኖ ናሽቪል ላይ የታይት ኤንዶች የክረምት ስብሰባ ጀመረ። ኬልሲ በ2025 ከዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት ጋር የተጫጨው ነው፤ ሴት ልጆቻችን በዚህ ያውቁታል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባንበትን 2013 ማን ይረሳል? ዛምቢያ ላይ አዳነ ግርማ ያገባትን ጎል ሁላችንም እናወራታለን። ከዚያ ጎል በፊት ኳሱን ማን ነጠቀ? ማን ሮጦ ተከላካይ ይዞ ሄደ? እንኳን ሊመልስልህ፣ የሚጠይቅህ የለም። የጊዮርጊስም ሆነ የቡና ደጋፊ ዘፈን ሲያወጣ ለአግቢ ነው። ተከላካይ ስሙ የሚነሣው ሲሳሳት ነው።

ደግሞ «ሐበሻ ለጓደኛው አይሠራም» የሚለውን ወሬ አልቀበልም። አቴንስ 2004ን እዩት። በ10 ሺህ ሜትሩ ኃይሌ እግሩን እያመመው ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳና ስለሺ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ! ኃይሌ አልቻለም፣ አምስተኛ ወጣ፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤይጂንግም ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር። ስለሺ ስህን ሁለት የኦሎምፒክ ብር ያለው ሰው ነው። ግን አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ብትጠይቅ «የጥሩነሽ ባል» ይሉሃል። ሥራውን እንሠራዋለን፤ መዝግቦ ማስቀመጥ ላይ ነው ችግራችን። እዚህ የእያንዳንዱ ጨዋታ ፊልም በኋላ ይታያል፤ ኳስ ያልነካው ሰው ገፋ ወይስ ተገፋ ተብሎ ነጥብ ይሰጠዋል። ልዩነቱ የጸባይ አይመስለኝም።

ሌላው ልዩነት የቡድኑ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። እኛ አገር ብዙውን ክለብ የሚይዙት ባንኩ፣ መከላከያው፣ መብራት ኃይሉ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኳስ ማለት አቧራ ሜዳ ላይ ኢንጂነሪንግ ከኢኮኖሚክስ ነው። አዮዋ ግዛት አንድም ትልቅ የፕሮፌሽናል ቡድን የላትም። ስለዚህ ገበሬውም ሐኪሙም የዩኒቨርሲቲው ነው። ኪኒክ ስታዲየም 69,250 ሰው ይይዛል፤ ያለበትን ከተማ፣ የአዮዋ ሲቲን፣ ነዋሪ ሊያክል ምንም አይቀረው። ከአጠገቡ የሕፃናት ሆስፒታል አለ፤ ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ በመስኮት ለሚያዩት ታማሚ ሕፃናት እጁን ያውለበልባል። ተጋጣሚው ቡድንም ያውለበልባል። ይሄን እንኳ ኳስ የማይወድ ሰው ቢያየው ደስ ይለዋል።

ትዕግሥታቸውም ያስቀናል። ፈረንትዝ በመጀመሪያው ዓመት አንድ አሸንፎ አሥር ተሸነፈ። በሁለተኛው ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ። አላባረሩትም። በ2002 11 አሸንፎ ሁለት ብቻ ተሸነፈ። እኛ ጋ ሰውነት ቢሻው አፍሪካ ዋንጫ አስገብቶን፣ ለዓለም ዋንጫ አንድ ናይጄሪያ ብቻ እስኪቀረን አድርሶን፣ በ2014 ተሰናበተ።

ትዕግሥቱ ግን ጣጣም አለው። የፈረንትዝ ልጅ ብራያን ከ2017 ጀምሮ የአጥቂው ክፍል ኃላፊ ነበር። አባት አለቃ፣ ልጅ ምክትል። «ዘመድ የሌለው...» ብለው የሚያማርሩ ወዳጆቼ ይሄን ስነግራቸው በሳቅ ነው የሚሞቱት። «እዚህም አለ እንዴ!» አዎ አለ። ልዩነቱ ወረቀቱ ነው። የዘመድ ቅጥርን የሚቆጣጠር ደንብ ስላለ ልጁ በወረቀት ተጠሪነቱ ለአባቱ ሳይሆን ለስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር ነበር። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ስብሰባ አብረው እየዋሉ። ይሄ ወረቀት ያን ያህል ያስደንቀኝ እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ያለ አንድ አለቃ የእህቱን ልጅ በሌላ ክፍል ፊርማ ሲያስቀጥር አይቻለሁ፤ ብልሃቱ ያው ነው።

የገረመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። አጥቂው ክፍል ሲደክም በ2023 መጀመሪያ የብራያንን ደመወዝ በ50 ሺህ ዶላር ቀነሱና ውሉ ላይ ቁጥር ጻፉ፤ ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ ማስቆጠር አለበት። አገር ምድሩ ቁጥሩን ያውቃል። በየሳምንቱ ሰው እየደመረ ይስቃል። በዚያ ዓመት ሁለቱ ታይት ኤንዶች፣ ሉክ ላቼይና ኤሪክ ኦል፣ ተራ በተራ ተጎዱ። ኳርተርባኩም፣ ማለት ወርዋሪው፣ ተጎዳ። ያ ሁሉ የሁለት ታይት ኤንድ ብልሃት ሰው አጣ። ሩጫው ተከላካይ መጎተቱን ተወ፣ ውርወራውም ደረቀ። ኳስ ይዞ ወደፊት በመሄድ ከ133 ቡድኖች መጨረሻ ሆኑ፤ አማካዩ 16 ነጥብ እንኳ አልሞላም። ጥቅምት ላይ፣ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ልጁ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይኖር ተነገረ። አባት ቆየ። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ ለተከላካዮቹ ምስጋና ይግባቸውና፣ አሥር ጨዋታ አሸንፈዋል።

በ2024 ቲም ሌስተር የሚባል አዲስ ሰው አመጡ። ሩጫው ተመለሰ፤ ኬሌብ ጆንሰን 1,537 ያርድ ሮጦ 21 ጊዜ ታችዳውን (ኳሱን የሜዳው ጫፍ ማድረስ፣ የእነሱ ጎል) አገባ። ከእሱ በፊት በ2008 ሾን ግሪን የሚባል 1,850 ያርድ ሮጦ ምርጥ ረኒንግ ባክ ተብሎ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የትምህርት ውጤቱ አልሞላ ብሎ ከቡድኑ ውጭ ሆኖ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ሶፋ ይሸከም ነበር። መጋዘን ውስጥ ሳጥን እያነሣን ትምህርት የጨረስን ሰዎች ይሄን ስንሰማ ልጁ የእኛ ይመስለናል።

ጆንሰን 206 ያርድ የሮጠው እዚሁ ሚኒያፖሊስ ላይ፣ ሚኒሶታን 31 ለ 14 ሲያሸንፉ ነው። ተሸክመውት የሄዱት ዋንጫ አሳማ ነው። ቀልድ አይደለም፤ የነሐስ አሳማ፣ 98 ፓውንድ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሐበሻ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ታሪኩ ግን አያስቅም። በ1934 ኦዚ ሲመንስ የሚባል ጥቁር ረኒንግ ባክ ለአዮዋ ይጫወት ነበር፤ ሚኒሶታዎች ደጋግመው ክፉኛ መቱት። አዮዋ ተቆጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጠብ እንዳይነሣ የሚኒሶታው ገዢ ፍሎይድ ኦልሰን ለአዮዋው ገዢ «በአሳማ እንወራረድ» አለው። ሚኒሶታ አሸነፈ፣ አዮዋ ሕይወት ያለው አሳማ ላከ፣ ኦልሰን የነሐስ አስቀረጸለት። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይጣሉበታል። የሲመንስን ስም ግን ሥራ ቦታዬ ካሉት የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። እነሱም ይረሳሉ ለካ።

አሁን እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ሃይስኩል ይህን ጨዋታ መጫወት ጀምረዋል። እናቶች ጭንቅላቱን ይመታብኛል ብለው ይሰጋሉ፤ ትክክል ናቸው። አባቶች ደግሞ ሰሞኑን ሌላ ጥያቄ ጀምረዋል። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ።

አንድ ወዳጄ ልጁ ታይት ኤንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዘኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ የልጄ ቦታ ስንት ይከፈልበታል?»

«ከኳርተርባክ ያነሰ» አልኩት።

«እንግዲያው ኳርተርባክ ይሁና!»

ልጁ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «አባ፣ መወርወር አልችልም እኮ» አለ።