ለጥንቃቄ ነው

ሰሞኑን አንድ ተቋም (ስሙ ይቆየን) ስካን አድርጎ ኦንላይን የለቀቀውን የብራና ዳዊት ከፍቼ በደስታ እንባዬ መጣ። 500 አመት የሞላው መጽሐፍ፣ ጥጉ ላይ ጧፍ የተንጠባጠበበት፣ ጠርዙ በስንት ቄስ አውራ ጣት የጠቆረ፣ መሃሉ ላይ ግን እንጀራ የሚያህል ሎጎና ከስሩ «መብቱ በህግ የተጠበቀ ነው»። እሰይ! ብራና ፍቆ ቀለም በጥብጦ የጻፈው ሰውዬ ሞኝ ነበር እንጂ ስካነር ገዝቶ ባለመብት መሆን እያለ ምን አደከመው?

የኛው የኮፒራይት አዋጅ 410/1996 የደራሲ መብት በህይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 አመት ነው ይላል፣ ለፎቶ ደግሞ ከተነሳ 25 አመት። እንግዲህ ጸሐፊው አልሞቱም ማለት ነው፣ ያቆይልን።

ፈረንጆቹ ግን ይገርሙኛል፣ የአውሮፓው የዲጂታል ቅርስ ድረገጽ ዩሮፒያናና የአሜሪካው ዲጂታል ፐብሊክ ላይብረሪ ተባብረው በ2016 እ.ኤ.አ. ጀምረው 12 አይነት የመብት መግለጫ አወጡ፣ ኮፒራይት ያለው፣ የሌለው ግን ውል የሚገድበው፣ ባለመብቱ ያልተገኘ፣ ጭራሽ ያልተጣራ እያሉ አንድ በአንድ ሊመርጡ! ስራ ፈቶች። የኛ ሰው ኤክሴል ላይ «መብቱ የተጠበቀ» ብሎ አንዴ ይጽፍና ጥጓን ይዞ ወደታች ይጎትታታል፣ ዳዊቱም የጋዜጣ ቁራጩም የነጋድራስ እገሌ የሰርግ ፎቶም እኩል ተጠበቁ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ።

ተቋሙ ጋ ደውዬ ያነሳውን ሰው «ወንድሜ ይሄ እኮ ኮፒራይት የለውም» ስለው «ለጥንቃቄ ነው» አለኝ። ካላወቃችሁ «አልተጣራም» የሚል አማራጭ አለ አልኩት። «እንዴ! ስራ አልሰሩም ሊሉን?» ይሄን የመሰለ የስራ ፍቅር የት ይገኛል። ዳዊቱን እስከዛሬ ከእሳትና ከሌባ የጠበቁት ደብርና ቄሰ ገበዙስ ገጹ ላይ ተጠቅሰዋል ወይ ስለው ግን ኔትወርኩ ተቆራረጠ መሰለኝ፣ ዝም አለ።

ከዛ የመጨረሻውን ገጽ አጉልቼ አየሁት። ለካ ጸሐፊው ማንም ሳይጠይቀው የራሱን የመብት መግለጫ ጽፎ ሄዷል፣ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን»፣ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ሎጎው ያረፈው «ዘፈሐቆ» የምትለዋ ላይ ነው፣ ግማሿን በልቷታል።