በእግዚአብሔር መታመንና ለሰው መታመን

ጎህ ሲቀድ ባሕር ዳር ከሐይቁ ጠርዝ የሚደርስ ሰው፣ ሌሊቱን ጣና ላይ ያደሩ ዓሣ አጥማጆች ወደ ዳር ሲመለሱ ያገኛቸዋል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እንዲህ ባለ አንድ ማለዳ ዓሣ ልገዛ ወርጄ፣ በዕድሜ ከአባቴ የማያንሱ አንድ አጥማጅ ከታንኳቸው ወርደው መረባቸውን ሲያጥቡ አገኘሁ። በመረቡ ዐይኖች መካከል የተሰነቀረውን ሣር በጣታቸው እየለቀሙ፣ ውኃ እየደፉና እያራገፉ ድንጋይ ላይ ያሰጡታል። እንዴት አደሩ ብዬ ስለ ሌሊቱ ስጠይቃቸው፣ "ዛሬ አልሰጠንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ። ከጎናቸው በተነጠፈው ማዳበሪያ ላይ የነበሩት ቆሮሶዎች አምስት ብቻ ነበሩ። ሁሉንም እንደምወስድ ስነግራቸው አንዱን አንሥተው ወደ ጎን አደረጉና፣ "ይህ የትናንት ነው፤ ለቤቴ እወስደዋለሁ፤ አንተ አራቱን ውሰድ ልጄ" አሉኝ። እኔ አልጠየቅኋቸውም። የዛሬውን ዓሣ ከትናንቱ ለመለየት የሚያበቃ ዕውቀትም የለኝም፤ ቢሸጡልኝ ኖሮ ሳላውቅ እወስደው ነበር።

ወደ ቤቴ ስመለስ በልቤ ይመላለስ የነበረው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። ወንጌላዊው ጌታ "በጌንሴሬጥ ባሕር ዳር" ቆሞ እንደነበር ሲናገር የከተማችን ስም የተጠራ ያህል ይሰማኛል። ጌታ በዳር የቆሙትን ሁለት ታንኳዎች ባየ ጊዜ አጥማጆቹ ወርደው መረባቸውን ያጥቡ ነበር። ስምዖን "ሌሊቱን ሁሉ አድረን ስንደክም ምንም አልያዝንም፤ ነገር ግን በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ" ያለውን፣ ከዚያም መረቡ እስኪቀደድ ድረስ የተያዘውን ዓሣ ደጋግመን ሰምተናል። እኔን ግን ከዚያ ማለዳ ወዲህ የያዘኝ ከተአምሩ በፊት ያለው እጥበት ነው። ምንም ያልያዘ መረብ የሚያጥብ ሰው ገና ተአምር አላየም፤ ጌታ ወደ ታንኳው እንደሚገባም አያውቅም። የሚያውቀው ነገም ሌሊት እንዳለ፣ መረቡም ለዚያ መዘጋጀት እንዳለበት ብቻ ነው። በዕለት ኑሮ በእግዚአብሔር መታመን ማለት ይህን የሚመስል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ይዟል። "መታመን" የሚለው ቃል አንድም መደገፍ፣ ተስፋን በሌላው ላይ መጣል ነው፤ አንድም ራስ ሌሎች የሚደገፉበት ሰው ሆኖ መገኘት ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 3 "በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን" ሲል የመጀመሪያውን ይናገራል፤ ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 "ከሁሉ በሚያንስ የታመነ በብዙ ደግሞ የታመነ ነው" ሲል ደግሞ ሁለተኛውን። እምነትም፣ ታማኝነትም፣ በየጸሎታችን መጨረሻ የምንለው አሜንም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ዳዊት በእኛ መዝሙር አቆጣጠር በ36ኛው መዝሙሩ "በእግዚአብሔር ታመን፥ መልካምንም አድርግ" ሲል ሁለቱን ሳይለያይ በአንድ ትንፋሽ ተናግሯቸዋል። እኛ ግን ለያይተናቸዋል። "እግዚአብሔር ይመስገን"፣ "እግዚአብሔር ቢፈቅድ"፣ "ሁሉን እሱ ያውቃል" የሚሉት ቃላት ከአፋችን አይጠፉም፤ ሚዛኑ ላይ ስንደርስ ግን የነገ ፍርሃት ያሸንፈናል።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። የሰማይ ወፎች "አይዘሩም አያጭዱምም በጎተራም አይከቱም" የሚለው ክፍል ለተጨነቀ ሰው ማጽናኛ ሆኖ ይነበባል፤ ማጽናኛነቱም እውነት ነው። ነገር ግን ክፍሉ የሚጀምረው "ስለዚህ" በሚል ቃል ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር ደግሞ ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ መገዛት እንደማይቻል የሚናገረው ነው። ጌታ ስለ ጭንቀት የተናገረው ስለ ሁለት ጌቶች ከተናገረው ነገር ጋር አያይዞ ነው። ነገን የሚፈራ ሰው ልቡ ከመጨነቁ በተጨማሪ ጌታውን ለመለወጥ ይፈተናል፤ የምንበላውን ያጣን በመሰለን ጊዜ ከጎረቤታችን ድርሻ ላይ ማንሣት ቀላል ይሆንብናል። "አስቀድማችሁ የእግዚአብሔርን መንግሥት ጽድቁንም ፈልጉ" የሚለው ትእዛዝ እዚያው መጨረሻ ላይ የመጣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህን በገበያችን በየቀኑ እናየዋለን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ነገ ዋጋ ይጨምራል የሚለው ስጋት ከሻጩም ከገዢውም ቤት ገብቷል። ዘይቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ተደርድሮ "የለም" የሚል ነጋዴ አለ። መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ማግስት በእጥፍ የሚሸጥም አለ። እኔ ራሴ በአንድ እንዲህ ባለ ሰሞን ለቤተሰቤ ሁለት ጀሪካን ዘይት በቂ ሆኖ ሳለ ስድስት ገዝቼ፣ ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረች ሴት ባዶ እጇን ስትመለስ አይቻለሁ። በዚያ ቀን ጠዋት ዳዊት ደግሜ ነበር የወጣሁት። መጽሐፈ ምሳሌ "አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው" ሲል ሚዛን የሚሰቅለውን ሰው ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር፤ የእኔ ስድስት ጀሪካን ግን ሚዛን ሳይሰቀል ያጎደለ ነው።

ማጠራቀም ሁሉ አለማመን ነው ማለቴ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 እስራኤል በምድረ በዳ መናውን ለነገ ሲያስተርፉ ተልቶ ሸተተ፤ በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲሰበስቡ ታዘዙ፤ የዚያን ቀኑ አልተላም። ዮሴፍም በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ሲያከማች ኖሯል፤ ይህም ጥበብ ሆኖ ተቆጥሮለታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ ደግሞ በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። የዮሴፍ ጎተራ ራብ በጸና ጊዜ ተከፍቶ ለተራበው ተሸጧል፤ ባለጠጋው ግን ስለ ጎተራው ሲያስብ ከራሱ ነፍስ በቀር ያነጋገረው ሰው የለም። ስለዚህ ጓዳችን መሙላቱን ከመኮነን ይልቅ፣ በሩ ለማን እንደሚከፈት ራሳችንን ብንጠይቅ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የጠገበ ሰው ለተራበ የሚሰብከው ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞውም ሊናቅ አይገባውም። በክልላችን ባለፉት ዓመታት ልጁ የት እንዳደረ ሳያውቅ የነጋለት ወላጅ፣ መድኃኒት የሚመጣበት መንገድ የተዘጋበት ሕመምተኛ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው "አትጨነቅ" ብሎ ማለፍ፣ ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ራቁቱን ላለው ወንድም "በደኅና ሂድ፥ እሳት ሙቅ፥ ጥገብም" ብሎ የሚያሰናብተውን ሰው የወቀሰበት ዓይነት እምነት ነው።

እኔም ጸሎቴ እንደጠየቅሁት ሳይሆን የቀረበት ጊዜ አለኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቴ በታመመች ጊዜ እንድትድን ለምነናል፤ ጠበል አስጠምቀናታል፤ ሐኪም ያዘዘውንም አልተውንም። አልዳነችም። ከማረፏ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ተኝታ ሳለች ጠራችኝና ከጎረቤታችን የተበደረችው ሁለት ጣሳ ጤፍ እንዳልተመለሰ ነገረችኝ። ኋላ ይደርሳል ስላት እሺ አላለችም፤ ጤፉን ሰፍሬ ወስጄ ጎረቤታችን መቀበላቸውን እስክነግራት ድረስ ጠበቀችኝና፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊቷን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ ክፉን አልፈራም የሚለውን ሳነብ እሷ በቃሏ ትቀድመኝ ነበር። ያን ጊዜ በሐዘኔ ውስጥ ሆኜ አላስተዋልኩትም። አሁን ሳስበው፣ ፈውስን ከእግዚአብሔር የለመነችውና ሁለት ጣሳ ጤፍ የመለሰችው ሴት በአንድ ልብ ነበር ያደረገችው። ሠለስቱ ደቂቅ በንጉሡ ፊት፣ አምላካችን ያድነናል፤ ባያድነን እንኳ ለምስሉ አንሰግድም ማለታቸውን ስሰማ፣ ትንቢተ ዳንኤል ከእናቴ አልጋ አጠገብ ይነበብልኛል።

የፈራ ሰው መጮሁም ከእምነት እንደ መውጣት ሊቆጠርበት አይገባም። በጣና ላይ ማለዳ ጸጥ ያለው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ምን እንደሚመስል፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው በደንገል ታንኳ የሚመጡ ሰዎች ያውቁታል። ደቀ መዛሙርቱም የባሕር ልጆች ሳሉ ፈሩ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደተጻፈው ጌታ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ሳለ፣ "መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?" አሉት። ቃሉ ምሬት አለበት፤ ሆኖም የተናገሩት ለእርሱ ነው፤ ከታንኳውም አልወረዱም። ጌታም እምነታቸው ስለ ማነሱ የጠየቃቸው ነፋሱን ከገሠጸ፣ ባሕሩም ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ከማዕበሉ ሳያወጣ አልወቀሳቸውም። እኛ ግን በማዕበል ውስጥ ላለ ወንድማችን ወቀሳውን የምናስቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሌላ በኩል "እግዚአብሔር ያውቃል" ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጫ ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል። እምቦጭ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ ከታየ ወዲህ፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ አይተናል፤ ስለ ሐይቁም ተጸልዮአል። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ወደ አምላኩ ጸለየ፣ ጠባቂም አቆመ፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረም። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና አክብረው ተብሎ ተጽፏል። ጠበል ይበቃኛል ብሎ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚተው ወገናችን ይህን ምዕራፍ ቢሰማው እመኛለሁ።

ለነገ አለመጨነቅን በዓይናችን ማየት የምንፈልግ ከሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ባሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ የዕለት ጉርሳቸውን ይለምናሉ። ከቤተሰቡ ርቆ የመጣ የዐሥር ዓመት ልጅ ዛሬ የሚበላውን ሳያውቅ ትምህርቱን ለመቀጸል ማልዶ ይነሣል። "የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ" የሚለውን ጸሎት ሁላችንም እንደግመዋለን፤ እርሱ ይኖርበታል። የልጁ ጸሎት የሚመለሰው ግን በእኛ በር በኩል ነው።

እኔ በምኖርበት በሽምብጥ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉኝ። እንጀራ በሚጋግሩበት ቀን፣ ማሟሻዋን ለራሳቸው አስቀርተው ከእርሷ ቀጥላ የምትወጣውን፣ ዐይኗ ያማረውን እንጀራ ለተማሪ ብለው ለብቻዋ ያስቀምጣሉ። ጤፍ ሲወደድ ሊጡን ማሳነስ እንደጀመሩ አውቃለሁ፤ ቀድሞ ሃያ ይጋግሩ የነበሩት አሁን ከዐሥራ ሁለት አያልፉም። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ስገባ ምጣዱ ገና ትኩስ ነበር። ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ ከሌሎቹ ተለይታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍና በሩ አጠገብ በሰፌድ ላይ ተቀምጣለች።