ለነብር ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?

እናቴ ጋ ደውዬ «በመጋቢት መጨረሻ ነብር ልናይ ነው» ስላት ትንሽ ዝም አለች።

«ስንት ከፈላችሁ?»

ነገርኳት። ሩፒውን ወደ ብር አልመነዘርኩላትም። እሷ ግን መመንዘሯ አልቀረም።

«አንተ ልጅ፣ ለነብር ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? እኛ ከነብር ስንሸሽ አይደል ያደግነው!»

እማዬ ያደገችው ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ለእሷ ነብር ማለት ሌሊት በረት ገብቶ ፍየል ይዞ የሚሄድ ሌባ ነው። ሌባ ለማየት ቲኬት አይቆረጥም።

ቃሉም ራሱ አደናገረን። እኛ ነብር የምንለው ነጠብጣቡን ነው። ባለመስመሩ አገራችን ስለሌለ የራሱ ስም አላወጣንለትም፤ እሱንም ነብር ብለን አለፍነው። ሂንዲ ተናጋሪው ግን ባለመስመሩን ባግ፣ ነጠብጣቡን ቴንዱዋ ብሎ ለይቷቸዋል። ለእማዬ «ይሄኛው እኮ መስመር ያለው ነው» ስላት «መስመር ያለውማ የሜዳ አህያ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ዴልሂ ለትምህርት ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ድሮ ህንዶች እኛ አገር መጥተው ሂሳብና ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ አሁን ተራው የእኛ ሆኖ እነሱ ጋ መጥተን እንማራለን። አራት ዓመት ሙሉ ግን ከላብራቶሪና ከተከራየኋት ክፍል ውጭ ብዙም አላየሁም። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ለሁለት ሳምንት እመጣለሁ፣ ነብር አሳየኝ» ባይለኝ ኖሮ አሁንም አልነቃነቅም ነበር።

ምክር ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት የቤት አከራዬ ጋ ነው። ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እዚህ እንደ ደንቡ «አንክል» ነው የምላቸው። ሀብታም አይደሉም፤ የመብራት ሒሳብ በአሥር ሩፒ ቢበልጥ ደረጃ ወጥተው ይጠይቁኛል። ኮርቤት፣ ካንሃ፣ ባንዳቭጋርና ራንታምቦር የሚባሉትን የነብር ፓርኮች ግን ከሚስታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ዞረዋቸዋል። የትኛው ፓርክ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳዩ የጻፉበት ደብተር አላቸው። አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ።

ምርጫቸው ራንታምቦር ሆነ። ራጃስታን ውስጥ ነው። ከዴልሂ ፓርኩ አጠገብ ያለችው ሳዋይ ማዶፑር ከተማ ድረስ በባቡር አራት አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ዝናቡ ሲገባ፣ ከሐምሌ ግድም አንስቶ ዋናዎቹ ክፍሎች ይዘጋሉ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ጠዋት ክፍት መኪና ላይ ብርዱ አያስቀምጥም። ሙቀቱ ሲመጣ ውኃው ሁሉ ይደርቅና ነብሯ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች። «ላብህን ከቻልከው የምታያት ያኔ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ።

«እናንተ አገርስ ምን አለ?»

እኔም ደረቴን ነፍቼ ዘረዘርኩ። ዋልያ አለን። ቀይ ቀበሮ አለን። ጭላዳ ዝንጀሮ አለን። ኒያላ የሚባለው የደጋ አጋዘን አለን። አራቱም ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ ዱር ውስጥ የትም የሉም።

«አይተሃቸዋል?»

ምን ልበላቸው? ዋልያን የማውቀው ከብሔራዊ ቡድኑ ማሊያና ከቢራ ጠርሙስ ነው። ኒያላ ለእኔ ሲጋራ ነው። አንበሳም ቢሆን አውቶቡስ ነው። ጎንደር አድጌ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ደባርቅ አያቴ ጋ ስንት ክረምት ከርሜ፣ ስሜን ተራሮች ፓርክ አንድ ቀን እግሬ አልረገጠም። አያቴ ቤት ስለ ጭላዳ ሲወራ እንኳ የሚወራው ገብስ ላይ ስላደረሰችው ጉዳት ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ከቨርጂኒያ መጥቶ ሦስት ቀን ፓርኩ ውስጥ ሰንካበርና ጨነቅ ካምፕ አድሮ ተመልሷል። አሁን ልሂድ ብልም የጸጥታው ነገር አያስኬድም።

ለአንክል «አላየኋቸውም» አልኳቸው። እሳቸውም ነገሩን ሳያካብዱ ደብተራቸውን ከደኑ።

እንግዲህ እቅዱ። ህንድ ውስጥ ብድግ ብሎ ፓርክ መሄድ የሚባል ነገር የለም። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ የራሱን መኪና እየነዳ፣ ቡናውን እየጠጣ ነው የገባው። «መኪና ተከራይተን ራሳችን አንነዳም?» አለኝ በስልክ። አይቻልም። ፓርኩ አሥር ዞን ተብሎ ተከፍሏል። ለእያንዳንዱ ዞን በአንድ ፈረቃ የሚገባው መኪና የተቆጠረ ነው። ፈረቃው ጠዋትና ከሰዓት ነው። መኪናውም ሁለት ዓይነት ነው፤ ስድስት ሰው የሚጭን ጂፕሲ እና ሃያ ሰው የሚጭን ካንተር። ካንተሩን ለማወቅ ጣሪያው የተነቀለ ቅጥቅጥ አስቡ። መቀመጫ የሚያዘው ከወራት በፊት ነው፤ የሚያዘውም በፓስፖርት ቁጥር ነው። የውጭ ዜጋ ከህንዳዊው በላይ ይከፍላል። አራት ዓመት ኖሬም ለትኬት መቁረጫው ያው ፈረንጅ ነኝ። ሀበሻ ፈረንጅ።

እዚህ ላይ ቂል ሆንኩ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ መጀመሪያ ብቅ ያለውን፣ ነብርና የመንግሥት አርማ የሚመስል ነገር የለጠፈውን ገጽ አመንኩ። ለሁለት ሰው ከፈልኩ። «ማረጋገጫ በ24 ሰዓት ይደርስዎታል» አለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይደርሰኛል። አንክል ሲሰሙ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ትክክለኛውን የደን መሥሪያ ቤቱን ገጽ ራሳቸው ከፍተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንድ በአንድ ሞሉልኝ። የጠዋት ጂፕሲ ያገኘነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ የፊተኛውን ቀን ከሰዓት በካንተር ሞላነው። የባቡሩም ነገር ቀላል አልነበረም። ተራ ጠባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብተን፣ በየቀኑ ቁጥራችን ስንት ደረሰ እያልን፣ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ወንበር ወጣልን።

ሳዋይ ማዶፑር ጣቢያ ስትወርድ ግድግዳው ሁሉ ነብር የተሳለበት ነው። ውጭ ያለውን ባለ ሦስት እግር «ባጃጅ!» ብሎ የአክስቴ ልጅ ጮኸ። ሾፌሩ ግራ ገባው። እዚህ ባጃጅ ያሠራው ድርጅት ስም ነው፤ ዕቃውን አውቶ ነው የሚሉት።

ወሩ ሁዳዴ ነበር። ከተማዋ ሥጋ ስለማታበዛ ጾሙ ይቀላል ብዬ ነበር። አይቀልም። «ቬጅ» እና ጾም ለየቅል ናቸው፤ ቬጁ ቅቤም እርጎም አይብም አለበት። ካንተሩ በር ላይ ቆሞ ስንጠብቅ ከጉጃራት የመጡ አንዲት አሮጊት ቴፕላ የሚሉትን ቂጣ ዘረጉልን። ልጃቸው እርጎ እንዳለው ነገረን። የአክስቴ ልጅ በእጁም በአፉም «ጾም ላይ ነን» ብሎ አስረዳ። እሳቸው ወዲያው ገባቸው። እነሱም እኮ ይጾማሉ። ቂጣውን መልሰው ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የሽምብራ ቆሎ! ትንሽ ጨው ነስነስ ተደርጎበታል። እማዬ ለመንገድ ከምትቋጥርልኝ የሚለየው ሱፍ ስለሌለበት ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ነብር አላየንም። ጣዎስ፣ አዞ፣ ነጠብጣብ ያላቸው አጋዘኖች በመንጋ አየን። ካንተሩ ውስጥ የተቆጣ ሰው አልነበረም። አሮጊቷ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ እስካሁን አንዴም አላዩም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። መኪናው ውስጥ ከእኛ ከሁለታችን በቀር የውጭ ሰው አልነበረም። አስተማሪ፣ ባለሱቅ፣ አዲስ ሙሽሮች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ የያዘች እናት። እኛ አገር ፓርክ የቱሪስት ነው፤ ቱሪስት ማለት ደግሞ ፈረንጅ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ስንቴ ሄጃለሁ። መንገዱ አዋሽ ፓርክን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሁሌም ፀሐይ እንዳይገባ የአውቶቡሱን መጋረጃ ስበን ነው ያለፍነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጂፕሲዋ ዞን 3 ደረሳት፤ ሐይቁ ያለበት ነው። አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው። የነብሮቹን የዘር ሐረግ ደብተራ ዳዊት እንደሚደግም ያለ ማቋረጥ ይወርደዋል። የእገሊት ልጅ፣ የእገሊት እህት፣ አባቷ እገሌ። ሁሉም የሚነሳው ከማችሊ ነው። ማችሊ ማለት ዓሣ ነው፤ ፊቷ ላይ ያለው ምልክት ዓሣ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣላት። እ.ኤ.አ. በ2016 ስትሞት ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ አበባ ደርድረው፣ እንደ ሰው ወጉ ደርሷት ተቃጠለች።

ልጁ ድንገት እጁን አነሳ። ሾፌሩ ሞተር አጠፋ። ዝም። ከወዲያ ማዶ ሳምባር የሚሉት ትልቁ አጋዘን አንዴ ጮኸ። እንደ አሮጌ መኪና ጥሩምባ ነው ድምፁ። ደግሞ ጮኸ። «ሳምባር በከንቱ አይጮህም» አለን። አቧራው ላይ ኮቴ አሳየን፤ የሻይ ሰሃን ያህላል። ዳር ዳሩ ገና አልፈረሰም።

ወጣች። ከደረቁ ሣር ውስጥ፣ መጀመሪያ ጆሮዋ ጀርባ ያለው ነጭ ነጥብ፣ ከዚያ ትከሻዋ። መስመሩ ከሣሩ ጋር አንድ ሆኖ ቆሞ የነበረው ሲንቀሳቀስ ነው ከሣሩ የተለየው። ከእኛ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አላየችንም ማለት አይቻልም። አይታ ናቀችን። ስትራመድ የትከሻዋ አጥንት ከቆዳው ሥር ሲወጣና ሲገባ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ይዞ እጁ ተንቀጠቀጠና ቪዲዮው ግማሹ ሰማይ ሆነ።

ከዚያ ግርግሩ መጣ። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ አሥራ ምናምን ጂፕሲና ሁለት ካንተር መንገዱን ዘጉት። ሾፌር ከሾፌር ተሰዳደበ። መርካቶ አውቶቡስ ተራ በሉት። ይሄኛውን ከእነሱ ባንማር ደስ ይለኛል። ስሜን ላይ ግን፣ የአክስቴ ልጅ እንደሚለው፣ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ከአንድ አስጎብኚና ጠመንጃ ካነገተ ስካውት ጋር። ጭላዳዎቹ በመቶ ሆነው ሣር ሲነጩ አጠገባቸው ቁጭ ትላለህ። ሞተር የለም። «ያንን ለአንክል ንገራቸው» አለኝ።

ይሄ ሁሉ ግን በራሱ አልመጣም። ራንታምቦር የጃይፑር ማሃራጃዎች አደን ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የእንግሊዟ ንግሥት ስትመጣ ባለቤቷ ነብር የገደለው እዚሁ ነው። በ1973 ኢንዲራ ጋንዲ የነብር ጥበቃውን ሲያስጀምሩ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቦታዎች አንዱ ይሄ ሆነ። ውስጡ የነበሩ መንደሮች እንዲወጡ ተደረገ። ያንን ያስፈጸመው ፋተህ ሲንግ ራቶር የሚባል የደን ሹም በ1981 በአካባቢው ሰዎች ተደብድቦ ከሞት ነው የተረፈው። እኛም ጋ የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከስሜን ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ከእነሱ መካከል የእማዬ ዘመዶች አሉ። ለቱሪስት የሚያምር ሣር ለሌላው የድሮ ማሳው ነው። ህንዶቹም ቢሆኑ እስከ ዛሬ አልጨረሱትም። እዚያው ራጃስታን ያለው ሳሪስካ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድም ነብር እንዳልቀረው ሲታወቅ አገር ተንጫጫ። በ2006 በመላ አገሩ የተገመተው 1,411 ነብር ነበር። በ2022 ግምቱ 3,682 ደርሷል። መስመሩ እንደ ጣት አሻራ ስለሆነ በየጫካው በተሰቀለ ካሜራ አንድ በአንድ ይለዩዋቸዋል።

ማታ ቪዲዮውን ለእማዬ በቴሌግራም ላክሁላት። ሰማዩን ቆርጬ። ወዲያው ደወለች።

«ቆንጆ ናት» አለች። «ከብት ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ታዲያ ሰዎቹ ዝም ይሏታል?»

«መንግሥት ካሣ ይከፍላቸዋል፣ እማዬ። ያመለከተ ይከፈለዋል።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወደ ጓዳ ዞረ፤ ለአባቴ ነው የምትነግረው።

«ሰማህ? ህንድ አገር ነብር ከብት ሲበላ ይከፈላል አሉ። የእኛን ሁለት ፍየል ማንን ነው የምንጠይቀው?»