ጨረር የመሰናበቻ ሕክምና አይደለም

«ወደ ጨረር ከላኩህ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።» ይህን ያሉት ሰሞኑን በአንድ የጤና ፕሮግራም ስለ ሳንባ ካንሰር ሊያስረዱ የቀረቡ እንግዳ ናቸው። አዘጋጁ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

ያንሳል ብለው «ጨረር ራሱ ካንሰር ያመጣል» ሲሉ አከሉበት። ሊያመጣ ይችላል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዓመታት በኋላ። ሳንባው ላይ ዕጢ ያለበት ሰው ሳይታከም እነዚያን ዓመታት ከየት ያመጣቸዋል? ይህ ምክር ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

አለቀ ወደተባለው እንመለስ። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ካልተሰራጨ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል፤ እሺ። ልቡ ወይም ሳንባው ቀዶ ሕክምና የማይችለውስ? ለእሱ ከተለያየ አቅጣጫ ዕጢው ላይ የሚያነጣጥር ከፍተኛ ጨረር አለ። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ተመላልሶ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ የታከሙ ሰዎች ዕጢ ከ3 ዓመት በኋላ በታከመበት ቦታ ሳያገረሽ የመቆየት ዕድሉ 98 በመቶ ገደማ ነበር። አልቋል የተባለው ይሄ ነው?

ካንሰሩ ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ደርሶ ቀዶ ሕክምና የማይሆንለት ሰውም ለስንብት አይደለም ጨረር ክፍል የሚገባው። 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ6 ሳምንት፣ ከኬሞ (ካንሰርን የሚገድል መድኃኒት) ጋር ጎን ለጎን የሚሰጠው ለመዳን ነው።

ስሞል ሴል የሚባለው ክፉው የሳንባ ካንሰር ዓይነት እንኳ ከአንድ ወገን ደረት ካልወጣ ጨረር የሚሰጠው ያው ለመዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ለሁለት ቡድኖች እኩል 45 ግሬይና አንድ ዓይነት ኬሞ ሰጠ። አንዱ ቡድን በቀን አንዴ ለ5 ሳምንት፣ ሌላው በቀን ሁለቴ ለ3 ሳምንት ታከመ። ከ5 ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው 16 በመቶ፣ ከሁለተኛው 26 በመቶ በሕይወት ነበሩ። የተቀየረው የጨረሩ አሰጣጥ ብቻ ነው! አሰጣጡ ብቻ ይህን ያህል ሕይወት የሚያተርፍ ከሆነ ጨረርን ከናካቴው ማጣጣል ምን ይባላል?

አዎ፣ ከጨረሩ የተነሳ መዋጥ ያሳምማል። ሳንባም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊቆጣ ይችላል። ይህን ሐኪሙ ይንገር፣ ይከታተል።

መዳን በማይቻልበት ጊዜም ቢሆን ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር የሚያመጣውን ሕመም አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ ብዙ ጊዜ ያስታግሳል። ያንን ፕሮግራም ሰምቶ ቀጠሮውን የተወ ሰው ካለ ማን ይጠየቅ? አዘጋጁ በሚቀጥለው ሳምንት የጨረር ሐኪም ያቅርብ፤ ማረሚያውንም በዚያው ሰዓት ያሰማ።