ባለ መደፊያ ወንበር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ወደ ከተማው የለቀቀበት ቀን ስለነበር አራት ሆነን ቡና ቤት ተጠግተናል። አንዱ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ሀጂ ናቸው። አንዷ በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ የምትመረምር ሴት ናት። ሦስተኛው ኮንትራክተር ነው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ከመናገር መስማት የሚቀናኝ።

ነገሩን የጫረችው እሷ ናት። የእናቷ ቤት ክዳን የዘንድሮን ክረምት አይችልም። ቆርቆሮ ልትገዛ አምስት ሱቅ ዞረች። አምስቱም አንድ ዋጋ ጠሩላት።

«ሀጂ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እናንተ ተማክራችሁ ነው» አለች።

ሀጂ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ ለመማከር ጊዜ የለንም ልጄ። ሁላችንም የምንጭነው ከመርካቶ ነው። የመኪና ኪራዩም ያው ነው። ጎረቤቴ ጠዋት ሃያ ብር ቢቀንስ ከዙህር በፊት እሰማለሁ። ደንበኛው ራሱ መጥቶ ይነግረኛላ! የአስር ሶላት ሳይደርስ እኔም እቀንሳለሁ። ታዲያ ዋጋችን በምን ይለያይ?»

መልሳቸውን ወደድኩት። ያልተማከሩ ነጋዴዎችም እየተያዩ አንድ ዋጋ ላይ ይቆማሉ። እሷ ግን አልለቀቀችም።

«እሺ። መርካቶ ሲጨምር በማግስቱ ትጨምራላችሁ። ሲቀንስስ?»

«ሲቀንስማ እጄ ላይ ያለው በውድ የገዛሁት ነው።»

«ሲጨምርስ እጅዎ ላይ ያለው በርካሽ የገዙት አልነበረም?»

ሀጂ ዝም አሉ። ከዚያ ሁለተኛ ቡና አዘዙላት።

እሷ ስለ ዋጋ ብዙ ታነባለች። በሌላ አገር የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪዎች ዋጋው አንድ በመሆኑ ብቻ ሰው አይከስሱም አለችን። የሚከታተሉት የዋጋውን አካሄድ ነው። ወጪው ሲወጣና ሲወርድ ዋጋው ተገትሮ ከቀረ ይጠረጥራሉ። ጥርጣሬ ደግሞ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ስምምነቱ ነው፤ ስልኩ፣ ኢሜይሉ፣ ሆቴል ውስጥ የተደረገው ስብሰባ፣ አንዱ በማስታወሻ ደብተሩ የጫራት ነገር። የእኛም አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች ዋጋ እንዳይወስኑ፣ ገበያ እንዳይከፋፈሉ፣ በጨረታ እንዳይመሳጠሩ ይከለክላል። ያስፈጽመው የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

«ሱቁን ተዉት» አለ ኮንትራክተሩ። «ወሬው ያለው ጨረታ ላይ ነው። እዚያ ዋጋው በታሸገ ፖስታ ነው የሚገባው። ጎረቤቴን አይቼ ቀነስኩ የሚባል ነገር የለም።»

እሷም ይህን ስትጠብቅ የነበረች ይመስል የአሜሪካኖቹን ጨረታ አመጣች። እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ ጀነራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስን ጨምሮ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች በድብቅ ጨረታ ይከፋፈሉ ነበር። ቴኔሲ ሸለቆ ላይ ያለው የመንግሥት ኃይል አመንጪ ድርጅት የታሸጉ ፖስታዎችን ሲከፍት ዋጋው እስከ ሳንቲሙ አንድ ሆኖ አገኘው። ድርጅቱ ጮኸ፣ ምርመራ ተጀመረ። በአንዳንዱ ዕቃ ላይ ተራ የሚይዙት በጨረቃ ነበር። ጨረቃዋ እንዲህ ስትሆን አንተ ዝቅ ብለህ ግባ፣ እንዲህ ስትሆን እሱ ይግባ። በ1961 ሰባት ኃላፊዎች ሠላሳ ሠላሳ ቀን ተፈረደባቸው።

«አጂብ ነው!» አሉ ሀጂ። «እኛ ጨረቃ የምናየው ለረመዳን ነው። እነሱ ለጨረታ!»

ኮንትራክተሩ ሲስቅ ቆይቶ ድምፁን ቀነሰ። እሱም አጃቢ ሆኖ ያውቃል። ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት ዓመት አንዱ ደወለለት። «ከዚህ ቁጥር በላይ ጻፍና አስገባ፣ በኋላ አጥሩን አንተ ትሠራለህ» አለው። ጻፈ። ተሸነፈ። አጥሩን ሠራ።

«አየህ» አለችው፣ «መርማሪዎች የሚይዙት እንደዚያ ነው። ተሸናፊው ተመልሶ የአሸናፊው ንዑስ ተቋራጭ ሲሆን። በተራ ሲያሸንፉ። አንዱ ያለ ምክንያት ከጨረታው ሲወጣ። ቁጥሩም ያሳብቃል። አሸናፊው 10 ሚሊዮን ይላል። ሌሎቹ 10.9፣ 10.92፣ 10.95 ይላሉ። ተሸናፊዎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው አሸናፊው ብቻውን ርቆ ከተቀመጠ፣ ሌሎቹ ለማሸነፍ እንዳልጻፉ ትጠረጥራለህ።» ኮሪያዎች ከ2006 እ.ኤ.አ ጀምሮ ይህን ለኮምፒውተር ሰጥተውታል አለች። የመንግሥት ጨረታ ውጤቶችን እያበጠረ፣ የሚያጠራጥሩትን እየለየ ለመርማሪ ያቀርባል።

እዚህ ላይ እኔም አፌን ከፈትኩ። ድሮ የአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ሦስት ፕሮፎርማ ለወንበር መጣ። ሦስት ማህተም፣ ሦስት አድራሻ። ሦስቱም ላይ ግን «ባለ መደገፊያ ወንበር» የሚለው «ባለ መደፊያ ወንበር» ተብሎ ተጽፏል። አንዲት «ገ» ከሦስት ሱቅ በአንድ ቀን ጠፋች። ዋጋውንም ሳየው ሁለተኛው በእያንዳንዱ መስመር ከአንደኛው ስድስት በመቶ ይበልጣል፣ ሦስተኛው ዘጠኝ በመቶ። በወንበሩም፣ በጠረጴዛውም፣ በመደርደሪያውም።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ሰው የሚደፋ ወንበር!» እያሉ ሀጂ ዓይናቸውን ጠረጉ። እሷ ግን ቁጥሩን ነው የያዘችው። ትክክለኛ ዋጋ በሦስት ሰው ተሰልቶ ሁሌ በእኩል መቶኛ አይራራቅም አለች። የፊደል ስህተትም ከዋጋ ይልቅ ታማኝ ምስክር ነው፤ ማንም ተስማምቶ አይሳሳትም።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ክርክር ነው፤ ከውስጥ ሰው ካልተናገረ ስምምነቱ ይገኛል ወይ? በብዙ አገር መጀመሪያ መጥቶ ላመነ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ይቀርለታል። ዘግይቶ የመጣ ቅናሽ ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ጓደኛህ ይቀድመኛል ብለህ እንቅልፍ ታጣለህ።

ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ እዚህ አይሆንም። እኔና ጎረቤቴ አንድ ቅሬ፣ አንድ ዕድር ነን። እኔን አሳልፎ ሰጥቶ ነገ ለቅሶዬ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

«ሐረጎን እያቃሰቱ የሚወጡትን መኪኖች ያያሉ ሀጂ?» አለች። «የኢቬኮ፣ የቮልቮ፣ የዳፍ፣ የማን ሠሪዎች ከሌሎችም ጋር አውሮፓ ውስጥ ለ14 ዓመት በዋጋ ሲመካከሩ ነበር። በኤግዚቢሽን ጥግ እየተገናኙ። እ.ኤ.አ በ2016 የአውሮፓ ኮሚሽን 2.93 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣቸው። አንዱ ግን ምንም አልከፈለም። ቀድሞ ተናገረ።»

«ማን ተናገረ?»

«ማን!»

መኪናው መሆኑ ለሀጂ እስኪገባቸው ትንሽ ቆየ።

ኮንትራክተሩ ግን የሀጂን ጎን ያዘ። አውሮፓ ውስጥ ቢሊዮን የሚቀጣ አለ፣ ፈርተው ነው የሚናገሩት፤ ቅጣት ከሌለ ምሕረት ምን ዋጋ አለው? እሷ የደቡብ አፍሪካን ዳቦ ጠቀሰች። በ2006 እ.ኤ.አ መጨረሻ ዌስተርን ኬፕ ውስጥ ትልልቆቹ ዳቦ ጋጋሪዎች በአንድ ሰሞን ዋጋ ጨመሩ፤ ለአከፋፋይ የሚሰጡትንም ቅናሽ ቀነሱ። መጀመሪያ አቤት ያሉት ትናንሽ አከፋፋዮች ናቸው። ምርመራው ሲጀመር ነው ከጋጋሪዎቹ አንዱ፣ ፕሪሚየር፣ አምኖ ምሕረት ያገኘው። ሌላው ጋጋሪ፣ ታይገር ብራንድስ፣ በዓመቱ 99 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ከፈለ። «መጀመሪያ የጮኸው ገዢው ነው» አለች። ሀጂ አሁንም አላመኑም። መሸና ተለያየን።

እኔ እስካሁን ሳወጣው ሳወርደው፣ በቆርቆሮው ለሀጂ እፈርዳለሁ፤ ዋጋው ሲወርድ አልወርድም ያሉባትን ቀን ሳይጨምር። በጨረታው ለእሷ። በቅሬው ጉዳይ ደግሞ ሀጂ እውነት አላቸው፣ ግን እውነታቸው የሚሠራው ለሻጩ ብቻ ነው። ገዢው ከሻጩ ጋር ቅሬ የለውም። የቴኔሲው ድርጅትም፣ የዳቦ አከፋፋዮቹም ገዢዎች ነበሩ። ፖስታውን የሚከፍተው ሰው ከጮኸ ማንም ማንንም አሳልፎ መስጠት አያስፈልገውም።

የወንበሩን ታሪክ ስነግራቸው ግን አንድ ነገር ዘለልኩ። ሦስቱን ፕሮፎርማ ከሦስት ሱቅ መሰብሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዝናብ ነበር፣ በጀት መዝጊያም ደርሷል። አንዱን ነጋዴ በስልክ «ሁለት ጨምረህ አምጣ» ያልኩት እኔ ነኝ። የጎደለችውን «ገ» በዚያኑ ቀን አይቻታለሁ። በእስክሪብቶ ሦስቱም ላይ ጨመርኳትና ፈርሜ አሳለፍኩ።